ዙር ሩጫ ፍጥነትን አያስተምርም፦ በትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ልምምድ ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የእግር ኳስ ልምምድ የሚከፈተው «ሜዳውን ዙሩ» በሚል ትእዛዝ ነው። ተማሪዎች በሰልፍ ሆነው አምስት ወይም ዐሥር ዙር ይሮጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ኳስ ይቀበላሉ፤ በመጨረሻም ጉልበታቸው ሲዝል «አሁን የፍጥነት ልምምድ ነው» ይባልና ከአንዱ ግብ እስከ ሌላው ግብ ያለ ዕረፍት ይመላለሳሉ። የአንዳንዱ እግር ይተሳሰራል፤ አንዳንዱም ወገቡን ይዞ ይቆማል። መምህሩ የተማሪዎቹን ላብ ተመልክቶ ትምህርቱ ግቡን እንደ መታ ያምናል፤ ክፍለ ጊዜውን ሊጎበኝ የመጣውም ተቆጣጣሪ በመዝገቡ ላይ መልካም ነጥብ ያሰፍርለታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መመርመርና መተቸት ነው። ሒሱ የሚያተኩረው በአንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ ነው፤ ይኸውም የእግር ኳስ ተጫዋች ከቆመበት ወይም ከዝግታ እርምጃ ተነሥቶ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ፍጥነቱን የሚጨምርበት ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ በፊዚክስ ትምህርት «ፍጥንጥነት» የሚባለው ሲሆን፣ በሜዳ ቋንቋ ግን ተጫዋቹ «አፈትልኮ ወጣ» ስንል የምንገልጸው ነው።

ጸሐፊው የሚከራከርለት ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ፍጥነት የሚገኘው በሙሉ ኀይል ጥቂት ሜትሮችን በመሮጥና ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ በቂ ዕረፍት በመውሰድ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን የፍጥነት ልምምድ እየተባለ የሚሰጠው ግን ይህን አንድ ሁኔታ ስለሚያፈርስ፣ ተማሪው እየደከመ በዝግታ መሮጥን ይለማመዳል። ጉድለቱም ከመሣሪያ እጦት የመጣ አይደለም፤ ዕረፍትን የትምህርቱ አካል አድርጎ ካለመቁጠር የመጣ ነው።

፩. ጨዋታው ከተጫዋቹ የሚጠይቀው

አንድን ልምምድ ጠቃሚ ነው ወይም አይደለም ለማለት በመጀመሪያ ጨዋታው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ያሻል። ቶማስ ራይሊና ቮን ቶማስ የተባሉት ተመራማሪዎች በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝ የአንደኛ ዲቪዚዮን ተጫዋቾች በአንድ ግጥሚያ የሚሸፍኑትን ርቀት በእንቅስቃሴ ዐይነት ከፋፍለው ለክተው ነበር። አማካዩ ርቀት ከ8 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሲሆን፣ በሙሉ ፍጥነት የተሮጠው ክፍል ግን ከመቶ 11 ያህል ብቻ ነበር። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ጠቅላላው ርቀት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ቢደርስም፣ ሥዕሉ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ይራመዳል፣ ያዘግማል፣ በመካከሉም አልፎ አልፎ ይፈተለካል።

እነዚህ የፍጥነት ሩጫዎች እጅግ አጫጭር ናቸው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ስለ እግር ኳስ ፊዚዮሎጂ የወጣ አንድ ሰፊ የጥናት ዳሰሳ እንደሚያመለክተው፣ ከእነዚህ ሩጫዎች ከመቶ 96ቱ ከ30 ሜትር ያነሱ ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ10 ሜትር አይበልጡም። ይሁን እንጂ ማነሳቸው ዋጋቸውን አያሳንሰውም። ኦሊቨር ፋውደና ባልደረቦቻቸው በጀርመን ከፍተኛ ዲቪዚዮን የተቆጠሩ 360 ግቦችን መርምረው ውጤቱን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙበት ጊዜ፣ ግብ ከመቆጠሩ በፊት አግቢው ከሚፈጽማቸው ኀይለኛ እንቅስቃሴዎች ሁሉ በብዛት የታየው ቀጥተኛ የፍጥነት ሩጫ ሆኖ አግኝተውታል፤ ይህም ከግቦቹ 45 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ታይቷል። ተጫዋቹ 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ውሎ ውጤቱን የሚወስነው ግን በእነዚያ ጥቂት ሜትሮች ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ይጠቅመናል። ዩሴን ቦልት በ2009 (እ.ኤ.አ.) በበርሊን 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ የመጀመሪያዎቹን 20 ሜትሮች በ2.89 ሰከንድ፣ ከ60ኛው እስከ 80ኛው ሜትር ያለውን ግን በ1.61 ሰከንድ ጨርሷል። በታሪክ እጅግ ፈጣን የሆነው ሰው እንኳ ከ60 ሜትር በላይ እስኪደርስ ድረስ ፍጥነቱን በመጨመር ላይ ነበር ማለት ነው። እርግጥ የእግር ኳስ ተጫዋች ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ከዚያ ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ብዙውንም ጊዜ የሚነሣው እየተንቀሳቀሰ ነው። ቢሆንም ከሩጫዎቹ ግማሾቹ በ10 ሜትር የሚያልቁበት ተጫዋች የሚያስፈልገው ችሎታ በአብዛኛው ፍጥነትን የመጨመር ችሎታ መሆኑ ግልጽ ነው። ስለዚህም የተማሪን ፍጥነት በ100 ሜትር ሩጫ ብቻ የሚፈትን መምህር ለእግር ኳስ የሚያስፈልገውን ሳይሆን ሌላ ነገር እየፈተነ ነው።

፪. የዙር ሩጫ ልማድ ምንጭ

ዙር ሩጫ በልምምዳችን ውስጥ ይህን ያህል ሥፍራ ያገኘበት ምክንያት አለው። አበበ ቢቂላ በ1960 (እ.ኤ.አ.) በሮም፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ፣ ማሞ ወልዴም በ1968 በሜክሲኮ ከተማ የማራቶንን ድል ከተቀዳጁበት ጊዜ ጀምሮ፣ በአገራችን «ሩጫ» የሚለው ቃል ከረጅም ርቀት ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ይህ ታላቅ ቅርስ ነው። ነገር ግን ለማራቶን የሚበጀው ሁሉ ለኳስ ይበጃል የሚል ያልተመረመረ እምነት አብሮት ሳይገባ አልቀረም።

ከዚህም ሌላ አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር በ1968 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት የ12 ደቂቃ ሩጫ ፈተና በብዙ አገሮች የእግር ኳስ ሥልጠና ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ፈተናው ሲዘጋጅ የታሰበው ለአየር ኀይል አባላት የልብና የሳንባ ብቃት መለኪያ እንዲሆን ነበር፤ ለዚያም ዓላማ ቀላልና ጠቃሚ ነው። ሆኖም በ12 ደቂቃ ብዙ ዙር የዞረ ሁሉ ኳስ ላይ ቀድሞ ይደርሳል የሚል መደምደሚያ ከእርሱ አይወጣም። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እንኳ ቀድሞ ዳኞቹን ይፈትንበት የነበረውን ይህን ሩጫ ትቶ፣ አጫጭር የፍጥነት ሩጫዎችንና በዕረፍት የተቆራረጡ ሩጫዎችን ተክቷል። ዳኛውን በአጭር ሩጫ እየፈተንን ተጫዋቹን በዙር ሩጫ ብቻ የምንመዝን ከሆነ ሚዛናችን የተዛባ ነው።

በዚህ ረገድ የሚቀርበው ዋነኛ መከራከሪያ «ጽናት የሌለው ተጫዋች በሁለተኛው አጋማሽ ይወድቃል» የሚለው ነው። መከራከሪያው እውነትነት አለው። ጥሩ የትንፋሽ ብቃት ያለው ተጫዋች ከአንድ የፍጥነት ሩጫ በኋላ ቶሎ ያገግማልና ጽናት መሠልጠን ይኖርበታል። ጸሐፊው የሚቃወመው ጽናትን አይደለም፤ ጽናትን ፍጥነት ብሎ መሰየምን ነው። የሰውነት ጡንቻ የሚለምደው የተጠየቀውን ነው። ለረጅም ጊዜ በመጠነኛ ፍጥነት እንዲሮጥ የተጠየቀ ጡንቻ በመጠነኛ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ መሮጥን ይለምዳል፤ በአንድ ቅጽበት መሬትን በኀይል መግፋትን ግን ከዚያ ሊማር አይችልም።

፫. ፍጥነትን የሚወልደው ምንድን ነው?

አይዛክ ኒውተን ያስተማረው ሕግ በሜዳም ላይ ይሠራል። የአንድ አካል የፍጥነት ጭማሪ በተገፋበት ኀይል ልክ ይበዛል፣ በክብደቱ ልክ ያንሳል። ሯጭ ወደ ፊት የሚሄደው መሬትን ወደ ኋላ በመግፋቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች እግር መሬት ላይ የሚቆየው በሰከንድ ሁለት ዐሥረኛ ያህል ሲሆን፣ በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ ግን ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። ተጫዋቹ ጉልበቱን ለማዋል ያለው ጊዜ ይህ ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው ዣን ቤንዋ ሞሬንና ባልደረቦቻቸው ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባቀረቧቸው ጥናቶች አንድ ትልቅ ቁም ነገር አስጨብጠውናል። ሁለት ሯጮች እኩል ኀይል ቢኖራቸውም፣ ከዚህ ኀይል ውስጥ ብዙውን ወደ ኋላ አቅጣጫ ማዋል የቻለው ይቀድማል፤ ኀይሉን በአብዛኛው ወደ ታች ያዋለው ግን ይነጥራል እንጂ አይገሰግስም። ይህ ግኝት በሜዳችን ላይ ዘወትር የሚሰማውን «ጎንበስ በል!» የሚል ትእዛዝ እንድንመረምር ያስገድደናል። ጥሩ ሯጭ በመነሻው ሰውነቱን ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ራሱ እንደ አንድ በትር አድርጎ ወደ ፊት ያዘነብላል። ይህ ማዘንበል ግን የሚጸናው መሬቱን በኀይል ወደ ኋላ ሲገፋ ነው። ተማሪው የመግፋት ጉልበት ሳይኖረው ጎንበስ እንዲል ቢታዘዝ ከወገቡ ይታጠፋል፤ እርምጃውም ይሰናከላል። ስለዚህ መምህሩ «ጎንበስ በል» ከማለት «መሬቱን ወደ ኋላ ግፋው» ቢል ለተማሪው የተሻለ መመሪያ ይሰጠዋል።

የጉልበትን አስፈላጊነት በተመለከተ፣ ኡልሪክ ቪስሎፍና ባልደረቦቻቸው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት 17 የኖርዌይ ከፍተኛ ተጫዋቾችን መርምረው ነበር። ክብደት በትከሻቸው ተሸክመው ከጉልበታቸው ሸብረክ ብለው የመነሣት ብርታታቸው በ10 ሜትር ሩጫ ካሳዩት ፍጥነት ጋር እጅግ የተቀራረበ ዝምድና ነበረው። ጥናቱ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ሲጠቀስም ከሚናገረው በላይ እንዲናገር ይደረጋል። ብርቱዎቹ ፈጣኖች መሆናቸውን አሳየ እንጂ፣ ማንኛውንም ተማሪ ብናበረታው በዚያው ልክ ይፈጥናል አላለም። ዝምድና ምክንያትን አያረጋግጥምና።

፬. ከውጭ የመጡ መሣሪያዎችና የጥናቶቹ ወሰን

ዙር ሩጫን የተዉ አሠልጣኞች በአንጻሩ ወደ ሌላ ስሕተት ሲያዘነብሉ ይታያል። በመሬት ላይ የተዘረጋ የገመድ መሰላል ውስጥ እግርን ቶሎ ቶሎ እያነሡ መርገጥ በከተሞቻችን እየተስፋፋ የመጣ ልምምድ ነው። ለዐይን ያምራል፤ ተመልካችንም ያስደስታል። ነገር ግን በመሰላሉ ውስጥ ያለው ተማሪ ወደ ፊት የሚጓዘው ጥቂት ነው፤ መሬትንም በኀይል አይገፋም። ቅልጥፍናንና የሰውነት ማስተባበርን ሊያለማምድ ይችላል፤ ለሰውነት ማሟሟቂያም ይሆናል። ሆኖም ከላይ ከተገለጸው የፍጥነት ምንጭ ጋር ያለው ዝምድና የሳሳ ነው። መሰላል ለመግዛት ገንዘብ ያጣ ትምህርት ቤት በፍጥነት ረገድ ምንም የቀረበት ነገር የለም።

በወገብ ታስሮ የሚጎተት ሸክምን በሚመለከት ያለው ማስረጃ ከዚህ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሯጩ እየተጎተተ ወደ ኋላ ሲቀር መሬትን ወደ ኋላ መግፋት ግድ ይሆንበታል። ሞሬንና ባልደረቦቻቸው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት አማተር ተጫዋቾች የሰውነታቸውን ክብደት 80 ከመቶ የሚያህል ሸክም እየጎተቱ ለ8 ሳምንታት ሠልጥነው፣ ወደ ፊት የሚገሰግሱበት ኀይል ጨምሯል። ነገር ግን የተሳተፉት 16 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም አዋቂ ወንዶች ነበሩ። በሩጫ ጊዜ ረገድም ያለ ሸክም ከሠለጠኑት የታየው ልዩነት የኀይሉን ያህል ጎልቶ አልወጣም። ከዚህ ተነሥቶ የ13 ዓመት ልጅን ከባድ ሸክም ማስጎተት ማስረጃውን አለቦታው ማዋል ነው።

የውጭ ጥናቶችን ስናነብ ልናስታውሰው የሚገባ ጉዳይ ይህ ነው። ጥናቶቹ የተደረጉት በአብዛኛው በጥቂት፣ በአዋቂና በሚገባ በሚመገቡ ወንድ ተጫዋቾች ላይ ነው። ሥልጠናው የሚሰጠው በለስላሳ ሣር ላይ፣ የሚለካውም በኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ከእነርሱ ልንወስድ የሚገባን የአሠራሩን መሠረተ ሐሳብ እንጂ መሣሪያውንና መጠኑን አይደለም። መሠረተ ሐሳቡ ደግሞ በእጃችን ባለው ነገር ሊሠራበት ይችላል። አብዛኛው የአገራችን ደጋ ትምህርት ቤት በአጠገቡ ዳገት አያጣም። መጠነኛ ዳገት ላይ 10 ወይም 15 ሜትር በሙሉ ኀይል መሮጥ ሸክም ከመጎተት ጋር የሚቀራረብ ሥራ ያሠራል፤ ሰውነት በራሱ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እግርም መሬትን ለመግፋት ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል።

፭. የተማሪ ብዛትና የዕረፍት ጉዳይ

አሁን ወደ ጽሑፉ ዋነኛ ነጥብ እንመጣለን። በሙሉ ኀይል የተደረገ አጭር ሩጫ የሚጠቀመው ጡንቻ ውስጥ የተከማቸ ፈጣን የኀይል ምንጭን ነው። ይህ ምንጭ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይቀንሳል፤ ግማሽ ያህሉ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ቢመለስም፣ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ግን በርካታ ደቂቃዎች ይፈጃል። የአጭር ርቀት አሠልጣኞች በልምድ የያዙት መመሪያ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ ደቂቃ ያህል ዕረፍት መስጠት ነው። በዚህ መሠረት 20 ሜትር የሮጠ ተማሪ 2 ደቂቃ ያህል ማረፍ ይገባዋል። ሳያርፍ ቢደግም ሁለተኛው ሩጫ ከመጀመሪያው ያዘግማል፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ያዘግማል። በዚያን ጊዜ የፍጥነት ልምምድ አብቅቷል፤ የቀረው የድካም ልምምድ ነው።

መምህራን ይህን ሲሰሙ የሚያነሡት ተቃውሞ ይታወቃል። «በክፍሌ 60 ተማሪ አለ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ኳሱ አንድ ነው። ይህን ሁሉ ዕረፍት ከየት አመጣለሁ?» ይላሉ። ተቃውሞው በቅን ልቦና የቀረበ ነው፤ ነገር ግን በስሌት ሲታይ መልሱን በራሱ ውስጥ ይዟል። 60ውን ተማሪዎች እያንዳንዱ 10 ሰው ባለው በ6 ሰልፍ እንክፈላቸው። በየ15 ሰከንዱ ፊሽካ ሲነፋ ከየሰልፉ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው 6 ተማሪዎች 20 ሜትር በሙሉ ኀይል ይሮጣሉ፤ ከዚያም በእርምጃ ተመልሰው ከሰልፉ ኋላ ይቆማሉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ተራው ተመልሶ የሚደርሰው ከ150 ሰከንድ፣ ማለትም ከ2 ደቂቃ ተኩል በኋላ ነው። ስድስት ጊዜ ለመሮጥ የሚያስፈልገው ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የምናማርርበት የተማሪ ብዛት፣ ትክክለኛው የፍጥነት ልምምድ የሚጠይቀውን ዕረፍት በራሱ ያስገኛል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ያልተሠራበት ለምንድን ነው? ሰልፍ ላይ የቆመ ተማሪ ሥራ ፈት መስሎ ስለሚታይ ነው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሃምሳ አራት ተማሪዎች ቆመው ስድስቱ ሲሮጡ ቢያይ፣ መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሜዳውን ያስዞራቸዋል። ስለዚህ ሒሱ በመምህሩ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ትምህርትን በላብ ብዛት የሚመዝን የጉብኝት ቅጽ እስካልታረመ ድረስ መምህሩ የሚያውቀውን እውነት ለመሥራት ነፃ አይሆንም። በአንድ ትምህርት ቤት ይህ ጸሐፊ የተመለከተው አንድ መምህር ተማሪዎቹን በሰልፍ አሰልፎ በትክክል ሲያሠራ ከቆየ በኋላ፣ እንግዶች ወደ ሜዳው ሲቃረቡ አይቶ ወዲያው ሁሉንም ወደ ዙር ሩጫ አስገብቷቸዋል። ያ መምህር የሚበጀውን ያውቅ ነበር፤ የፈራው ያልተገባ ፍርድን ነበር።

የቆሙትም ተማሪዎች ሥራ ሊሰጣቸው ይችላል። ማን ቀድሞ መስመሩን እንዳለፈ ይፈርዳሉ፤ የባልንጀራቸውን አነሣሥ አይተው ይናገራሉ። አነሣሡንም መለዋወጥ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ በደረት ተኝቶ፣ አንድ ጊዜ ጀርባን ሰጥቶ፣ አንድ ጊዜም መምህሩ የለቀቀውን ኳስ ለመቅደም ይነሣሉ። ከመድረሻው መስመር ባሻገር ለማቆሚያ የሚሆን ከ10 ሜትር የማያንስ ባዶ ሥፍራ መተው ግን ግዴታ ነው፤ ግድግዳ ወይም አጥር አጠገብ መሮጥ አደጋ ያስከትላል።

እዚህ ላይ የልጆቻችንን የሰፈር ጨዋታዎች ማስታወስ ተገቢ ነው። አባሮሽ የሚጫወት ልጅ በሙሉ ኀይሉ ጥቂት ሜትር ይሮጣል፣ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ከዚያም ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ በአንድ እግሯ እየነጠረች ቁርጭምጭሚቷንና ባቷን ታጠነክራለች። እነዚህ ጨዋታዎች ከዙር ሩጫ ይልቅ ለፍጥነት የቀረቡ ናቸው። ልጁ ከሰፈሩ ይዞት የመጣውን ይህን ልምድ ትምህርት ቤቱ ሊያሳድገው ሲገባ፣ በሰልፍ እያስዞረ ያደበዝዝበታል።

፮. የመለካትና የመምረጥ ስሕተት

ሌላው ሊተች የሚገባው ልማድ «ፍጥነት አብሮ ይወለዳል» ብሎ ልጆችን ቶሎ መለየት ነው። የተፈጥሮ ድርሻ ትልቅ መሆኑ አይካድም። ተፈጥሮ የለገሰችውን ሥልጠና የሚጨምርበትም በጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ በእግር ኳስ ይህ ጥቂት ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኖርዌያዊው ቶማስ ሀውገንና ባልደረቦቻቸው እንዳሰሉት፣ በ20 ሜትር ሩጫ ከ0.04 እስከ 0.06 ሰከንድ የሚደርስ ልዩነት በሜዳ ላይ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህም በአንድ ለአንድ ትግል ትከሻን አስቀድሞ ኳስን ለመያዝ ሊበቃ ይችላል። እንግዲህ ሥልጠናው ተማሪውን ሌላ ሰው እንዲያደርገው አይጠበቅበትም፤ አንድ ክንድ ያህል ቢያስቀድመው ሥራውን ሠርቷል።

ይህ ስሌት በመለኪያችንም ላይ ጥያቄ ያስነሣል። በእጅ በሚያዝ የሩጫ ሰዓት የሚለካ መምህር ጣቱ በተጫነበት ቅጽበት ምክንያት ብቻ ከዚህ የሚበልጥ ስሕተት ሊሠራ ይችላል። በእንዲህ ዐይነት ልኬት ከ40 ልጆች 18ቱን መርጦ የቀሩትን «ዝግተኞች» ብሎ ማሰናበት ፍርደ ገምድልነት ነው። በብዙ ሰው እጅ ያለው ስልክ ምስልን ቀስ አድርጎ ማሳየት ስለሚችል ከእጅ ሰዓት የተሻለ ዳኛ ሊሆን ይችላል። ስልክም ከሌለ ጊዜን ትቶ ርቀትን መለካት ይቻላል። ሁለት ተማሪዎች አብረው ሲሮጡ የቀደመው በስንት ክንድ እንደ ቀደመ ይታያል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የቀደመው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይቆምና ይነሣሉ። በዚህም የእያንዳንዱ ዕድገት ከራሱ ጋር ይነጻጸራል፤ ዝግተኛውም ልጅ የማሸነፍ ተስፋ ያገኛል።

በተለይ ከ12 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ የልጆች የሰውነት ዕድገት እኩል አይራመድም። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት የ14 ዓመት ልጆች አንዱ የጎልማሳ ጡንቻ ሲያወጣ ሌላው ገና ልጅ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ያደገው ዛሬ ይቀድማል፤ መምህሩም ተሰጥኦ ነው ይለዋል። ዘግይቶ የሚያድገው ግን ከቡድን ስለ ተባረረ ተራው ሲደርስ ሜዳ ላይ አይገኝም። ሴቶች ተማሪዎችም ብዙ ጊዜ ሳይፈተኑ ከዳር እንዲቆሙ ይደረጋሉ። በዚህ መንገድ ስንት ተጫዋች እንደ ቀረብን የሚቆጥር መዝገብ የለም፤ ጉዳቱ ግን የልጁ ብቻ አይደለም።

፯. የጉዳት መከላከል

ፍጥነትን ማስተማር አደጋም አለው። በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ በብዛት የሚጎዳው የጭን የኋላ ጡንቻ ነው፤ የደከመ ጡንቻም ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የፍጥነት ሩጫን በልምምድ ማብቂያ፣ በድካም ላይ ማድረግ የሚተችበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። የፍጥነት ልምምድ ሥፍራው ሰውነት ከተሟሟቀ በኋላ፣ ድካም ከመግባቱ በፊት ነው።

መከላከያው ውድ አይደለም። በዴንማርክ ዬስፐር ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው 942 ተጫዋቾችን ያቀፉ 50 ቡድኖችን ያጠኑበት ሥራ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ተጫዋቹ በጉልበቱ ተንበርክኮ ባልንጀራው ቁርጭምጭሚቱን ይይዝለታል፤ እርሱም ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል። ይህን ልምምድ በሠሩት ቡድኖች 15 የጭን የኋላ ጡንቻ ጉዳቶች ሲመዘገቡ፣ ባልሠሩት ግን 52 ተመዝግበዋል። ልምምዱ የሚጠይቀው አንድ ባልንጀራና ለጉልበት የሚነጠፍ ጨርቅ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻን ስለሚያሳምም ግን በጥቂት ድግግሞሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት የእግር ኳስ ተጫዋችን ፍጥነት የሚወስነው በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች መሬትን ወደ ኋላ የመግፋት ችሎታ መሆኑን አይተናል። ዙር ሩጫ ይህን ችሎታ አይገነባም፤ የገመድ መሰላልም አይገነባም። የሚገነባው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በትኩስ ጉልበት፣ ከ10 እስከ 20 ሜትር በሙሉ ኀይል በመሮጥ፣ በቂ ዕረፍት በመውሰድ፣ ዳገትንና ዝላይን በመጠን በመጠቀም ነው። ይህ ሁሉ ከውጭ ምንዛሪ ነፃ ነው።

መምህራን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስድስቱን ሰልፍ ሞክረው ውጤቱን በየሳምንቱ እንዲመዘግቡ፣ ተቆጣጣሪዎችም የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን በሚመዝኑበት ቅጽ ላይ «ተማሪዎች በቂ ዕረፍት አግኝተዋልን?» የሚል ጥያቄ እንዲጨምሩ ጸሐፊው ያሳስባል። የዕረፍት ሰልፍ ላይ የቆመው ልጅ ሥራ ፈት አይደለም፤ ለሚቀጥለው ሩጫ ሙሉ ጉልበቱን እየሰበሰበ ነው። ይህን የተረዳ ትምህርት ቤት ፈጣን ልጆችን ከመፈለግ አልፎ ልጆችን ማፍጠን ይጀምራል።